ባዶ የተውኩት ስምንተኛ ጥያቄ

ሐይቅ ነው የተማርኩት፣ ዘጠነኛ ክፍል፤
መምህር አራጋው በጠመኔ ሲስል
ያዘመመች ጣውላ፣ በላይዋ ላይ ሳጥን፣
ከሥሯ ሠላሳ ዲግሪ ማዕዘን፣
«ቲቸር፣ ሳጥኑን ግን የሚገፋው ማነው?»
ብዬ ብጠይቀው
ክፍሉ በሳቅ ሞተ።
እሱ አልሳቀም፤ ከሳጥኑ ኋላ ጠጋ ብሎ
አንዲት ቀስት አሰመረ፣ ጫፏን በደንብ አሹሎ፤
«ይቺ ናት» አለኝ፣ «ኃይል ናት፤ ስም የላትም።»
ጥያቄው በፈተና ስምንተኛ ሆኖ መጣ፤
ባዶ ተውኩት፣ አንድ ቃል ከብዕሬ ሳይወጣ።

አሁን ሙጥራሕ ነኝ፤ ተራራው ባሕሩ ድረስ ገፍቶ
ለቤት መሥሪያ የሚሆን ሜዳ በጠፋበት፣
ሰዉ በደረጃ ወጥቶ በደረጃ የሚገባበት።
ሳጥኑ ሰው ሆኗል፦ ናኹዳ ሱለይም፣
ዛንዚባር ድረስ መርከብ የነዳ፣ ዛሬ ግን አይራመድም፤
ከነወንበሩ ሰማንያ ሁለት ኪሎ፣
የሆስፒታል ሚዛን መስክሮለት፣ ምሎ።
ልጁ ሸምሳ ከበሩ እስከ መንገዱ ያስፈሰሰችው
ስሚንቶ አለ፤ ዘጠኝ እርምጃ ነው።
ዐስር ከተሰገደ በኋላ፣ ባሕሩን እንዲያይ፣
እገፋዋለሁ ወደ ላይ።

ስሚንቶው ቢረዝም ለክንዴ ይቀላል፤
ሥራው ግን ያው ነው፣ የደላላ ብድር ይመስላል፦
በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብትከፍይው
ድምሩ አንዲት ሳንቲም አይጎድለው።

ናኹዳው ስገፋው ወደ ፊት ያጎነብሳል፣
ገመድ እንደሚስብ ጥርሱን ይነክሳል፤
ሊያግዘኝ ነው።
«ከውስጥ ያለ ኃይል ዕቃውን አያንቀሳቅስም»
ይል ነበር አራጋው።
እኔን ግን ይቀለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰበቃን ጠላት ነው ብዬ አማርር ነበር፣
ጎማውን የሚይዝ፣ መዳፍ የሚልጥ ነገር።
አንድ ቀን ሸምሳ ስሚንቶውን በሳሙና ስታሳጥበኝ
ነጠላ ጫማዬ ከዳኝ፤
ያኔ ነው የገባኝ፦
ወደ ኋላ የሚይዘኝ ነው ለካ የሚያቆመኝ።

ቁልቁለት ይቀላል ያለ ሰው
ሽማግሌ በወንበር አውርዶ አያውቅም።
ጀርባዬን ለቤቱ፣ ፊቱን ለባሕሩ ሰጥቼ
በተረከዜ መንገድ እየፈለግኩ ስወርድ፣
ላይ ድረስ ያጠራቀምኩት እምቅ ጉልበት
ተፈትቶ ደረቴ ላይ ይመጣል።
እሱን ለመያዝ የፈሰሰው ላብ
በየትኛው ቀመር ይገባል?

ሦስት ወር ደሞዜ ቢያድር ጠየቅኳት።
«ምን ሠራሽ?» አለች ሸምሳ፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ እንዳለ፣
«አወጣሽው፤ መለስሽው። ይኸው ከነበረበት አለ።»
እውነቷን ነው፣ በስበት ሒሳብ፦
ወጥቶ የተመለሰ ሸክም ድምሩ ዜሮ ነው፤
አራጋውም ቢሆን ትክክል ብሎ ነው የሚያርመው።

የናኹዳው ምላስ ከታሰረ ቆይቷል፤
ቀኝ እጁ ብቻ ትታዘዘዋለች።
ከየጉዟችን በኋላ አንዲት ተምር ይበላል፣
ፍሬዋን ኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ጠብ ያደርጋታል።
ያን ምሽት ቆርቆሮውን በክርኑ ገፋው።
ፍሬው በእብነ በረዱ ላይ እንደ በረዶ ተበተነ።
«አባቴ ጃጀ» አለች። እሱ ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ፤
አላነሳም።
ተንበርክካ መቁጠር ጀመረች፤
እኔ ከሶፋው ሥር ያመለጡትን ለቀምኩላት።
ሰማንያ ስምንት።
ሁለት ቀን ትኩሳት ይዞት አልወጣንም ነበር።

በማግሥቱ የሁለቱን ወር ሰጠችኝ፤
ሦስተኛው እስካሁን አልመጣልኝ።

መምህር አራጋው፣
ምናልባት ሠላሳ ዲግሪ አይሞላም ስሚንቶው፤
አልለካሁትም፣ ክንዴ ነው ሠላሳ የሚለው።
ስምንተኛውን ልመልስ፣ ቢዘገይም።
ጠመኔህ ያሾላት፣ ስም የላትም ያልካት ቀስት
ከሰሌዳው ካልጠፋች፣
ከጎኗ ጻፍልኝ፦
ረውዳ ይመር።